ለሚቀጥለው ይቆይ የተባለው ስም

«ያንን ስም ለዚህኛው አታውጡት» አለች ዘምዘም፣ የፌኔት አክስት። «ለሚቀጥለው ይቆይ።»

ፌኔት ሆስፒታል ለተኛችው አራስ እናቷ የምትወስደውን አጥሚት ወደ ፔርሙዝ እየገለበጠች ነበር። ትኩሱ አጥሚት ከፔርሙዙ አፍ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አባቷ ኑረዲን ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ አየው። ለቡ ሰፈር ያለውን የቆርቆሮና የምስማር ሱቁን ከዘጋ ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ጢሙንም አልተላጨም።

«እህቴ፣ ልጁ እኮ አልሞተም» አለ።

«አላህ ያኑረው። ግን ዶክተሩ ያለውን አብረን ሰምተናል፤ ሳንባው አልደረሰም ብሏል። ነገ ሰባተኛ ቀኑ ነው፣ ያለ ስም አይቀርም። አብዱላሂ በሉት፤ የከበረ ስም ነው። ያኛውን ደግሞ ወንድም ሲመጣላት ፌኔት ታወጣዋለች።»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እነፌኔት ቤት ግን መልአኩን መጽሐፍ ቀድሞት ነበር። እናቷ ከድጃ በእርግዝናዋ ደም ግፊት ይዟት ከአልጋ እንዳትወርድ በታዘዘች ጊዜ፣ ፌኔት ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ተውሳ አመጣችላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦርሳዋን ጥላ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታነብላት ጀመር። ታሪኩ ዝዋይ ሐይቅ ላይ በታንኳ በሽተኛ ስለሚያሻግር አናስ ስለሚባል ልጅ ነው። አናስ ለፍላፊ ነው፤ ፈሪም ነው። ማዕበል በተነሳ ቁጥር እየጮኸ ያለቅሳል፤ መቅዘፉን ግን አያቆምም። ከድጃ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን የፌኔትን እጅ ስባ ሆዷ ላይ አደረገችው። «ስሙን በጠራሽው ቁጥር ይራገጣል» አለቻት። «ወንድ ከሆነ አናስ ነው። አለቀ።»

ወንድ ሆነ። ግን በሰባተኛ ወሩ መጣ።

በእነሱ ዘመዶች ዘንድ፣ የተቀበረ ልጅ ስም ለሌላ ልጅ አይሰጥም። ይህን ከዘምዘም በላይ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያ ልጇን በአባቷ ስም ጀማሉዲን ብላው ነበር፤ ሳይድህ ሞተባት። ኋላ ሁለት ወንዶች ወለደች፤ አንዳቸውንም ጀማሉዲን ልትለው አልቻለችም። «የአባቴን ስም በገዛ እጄ አፈር አለበስኩት» ትላለች እስከ ዛሬ።

«እማዬ ምን አለች?» ጠየቀች ፌኔት።

«ፌኔት ትወስን አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።» ኑረዲን ቀና ብሎ ልጁን አያት። «እኔም አቅቶኛል፣ ፌኔቴ። እስከ ነገ አስቢበት።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትደርስ ጓደኛዋ ሌንሳ በሩ ላይ ጠበቀቻት። የሌንሳ ቤት እነፌኔት በሚኖሩበት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ፌኔት ግን ሰሞኑን ሆን ብላ ትሸሻት ነበር።

«አቦ የልጁን ፎቶ ላኪልን እንጂ» አለች ሌንሳ። «ስሙስ? ማን ተባለ?»

«ገና ነው።»

«ሳምንት ሙሉ? ሼም ነው እኮ! የስም ማውጫው በግም ቀረብን ማለት ነው?»

ፌኔት ፈገግ አለችላት። ለሌንሳ መናገር ትችል ነበር፤ ሌንሳ ክፉ ልጅ አይደለችም። ነገር ግን ከተናገረች እውነት የሚሆን መሰላት። ክፍል ገብታ አንድም ቃል አልሰማችም። ከሁሉም በላይ ያስጠላት የአክስቷ ሐሳብ ልክ ሆኖ መታየቱ ነበር። ለሚሞት ልጅ ያንን ስም ለምን? ይህን ማሰቧ አሳፈራት፤ ማሰቡን ግን ማቆም አልቻለችም።

ከሰዓት ከአባቷና ከአክስቷ ጋር ሆስፒታል ሄዱ። ከድጃ ደም ግፊቷ ስላልወረደ ከአልጋዋ መነሳት አልተፈቀደላትም። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲስተር ለወትሮው ከእናት በቀር ማንንም አታስገባም። ሰባተኛ ቀኑ መሆኑን ኑረዲን ሲነግራት ግን፣ እሱንና ፌኔትን ጫማ አስወልቃ፣ እጃቸውን አስታጥባ አስገባቻቸው። ዘምዘም ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቀረች።

ልጁ በማሞቂያው የመስታወት ሳጥን ውስጥ በጀርባው ተኝቷል። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እግሩ ላይ በተጠቀለለው ፕላስተር «የከድጃ ሕፃን» ተብሎ ተጽፏል። ፌኔት ስታየው እንደማይተርፍ ገባት። ዶክተሩ ሲናገር አልገባትም ነበር፤ አሁን ገባት። ሮጣ መውጣት አማራት።

ኑረዲን የሳጥኑን የጎን መስኮት ከፍቶ ጎንበስ አለ። በልጁ ቀኝ ጆሮ በሹክሹክታ አዛን አለለት።

«ማን ልበለው?» አለ፣ ሳይዞር።

ፌኔት አብዱላሂ ልትል ነበር። የሚቀጥለውን ወንድሟን ልታስበው ሞከረች፤ ምንም አልታያትም። ያን ሁሉ ቀን ያነበበችለት፣ እጇ ስር የተራገጠው ይሄኛው ነው። ሌላ ማንም አልነበረም። እንዲህ አንሶ፣ እንዲህ ደክሞ፣ ያለው ነገር ያ ስም ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ልትነጥቀው ነበር።

«አናስ» አለች።

አባቷ ዞሮ አያት። «ካልተረፈ እኮ፣ ፌኔቴ፣ ሌላ ጊዜ...»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። የሱ ነው።»

ኑረዲን እንደገና ጎንበስ አለ። «አናስ ኑረዲን» አለው። ልጁ አልተራገጠም። ዓይኑንም አልገለጠም። ሲስተሯ መጥታ ሰዓት መድረሱን ነገረቻቸው።

ኑረዲን ለከድጃ ሊነግራት ወደ ላይ ወጣ። ፌኔት ብቻዋን ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች። ዘምዘም አግዳሚው ላይ እንዳለች ናት።

«ማን አላችሁት?»

«አናስ።»

ፌኔት ቁጣ ጠብቃ ነበር። ዘምዘም ግን በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

«አናስ ዛሬ ወተት ወሰደ?» አለች።

«አልወሰደም» አለች ፌኔት፤ ከጎኗም ተቀመጠች።