የመጨረሻው ክፍተት

«አንቺ፣ እጅሽ ምን ሆኖ ነው?»

ፌንጣ እጇን ቶሎ ብላ ወደ ኋላዋ ደበቀች። «ምንም! ብርድ ነው!»

«በዚህ ሙቀት? አትፎግሪኝ አቦ!» የክበቡ ልጆች «ኢንጂነሯ» የሚሏት ጓደኛዋ ከወለሉ ቀና ሳትል ሳቀች።

ሁለቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መሃል ተንበርክከዋል። ፊታቸው፣ ከመድረኩ ሥር ተነስቶ በወንበሮች መካከል የሚጠማዘዝ ረጅም የዶሚኖ ሰልፍ ተደርድሯል። የወላጆች ቀን ነው። ትንሽ ቆይታ ፌንጣ የመጀመሪያዋን የዶሚኖ ጠጠር በጣቷ ነካ ስታደርግ ጠጠሮቹ እየተገፋፉ ይወድቁና መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለውን ደወል ይደውላሉ። ይህን ባሰበች ቁጥር ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ይዘላል። ቅጽል ስሟን ያወጡላት ልጆች አልተሳሳቱም፤ ደስ ሲላት አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም።

የሳይንስ ክበቡ ሕግ ግልጽ ነው፤ ሲደረደር በየመሃሉ ክፍተት ይተዋል። አንድ ጠጠር ሳይታሰብ ቢወድቅ ጥፋቱ እስከ ክፍተቱ ድረስ ብቻ ነው። ክፍተቶቹ የሚሞሉት ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ነው፤ ዛሬ የመጨረሻውን የምትሞላው ፌንጣ ናት። አምና ግን ፌንጣ «ክፍተት ለፈሪ ነው!» ብላ ሁሉንም ቀድማ ሞልታው ነበር። ያኔ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፍቶባት፣ ወሬዋ ከምላሷ እየቀደመ፣ ማንም አይችለኝም ያለችበት ሰሞን ነበር። የሹራቧ እጅጌ አንዷን ጠጠር ነካ፤ የሁሉም ልፋት ዓይናቸው እያየ ተዘረገፈ። ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ዋለች፤ ከሰው ጋር መነጋገር እንኳ አስጠላት። ሐኪሟ ናት ስሙን የነገረቻት፤ ባይፖላር፣ ስሜትን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚወረውር ሕመም። ጭንቀትም አብሮት ነበር።

ስሜት የሚያረጋጋው ኪኒን እንቅልፏንም፣ ትምህርቷንም፣ ቀልዷንም መለሰላት። እጇን ግን ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል። ሐኪሟ «ካስቸገረሽ ንገሪኝ፣ መጠኑን እናያለን፤ በራስሽ እንዳታቆሚ» ብላት ነበር። ፌንጣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። «በቃ ይቅርባት፣ ትረፍ» ተብላ ከክበቡ እንዳትወጣ ፈራች።

ደግሞ ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ። ሰው ሲስቅ ደስ ብሎት ነው ይባላል፤ ፌንጣ ስትስቅ ግን እናቷ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «መድኃኒትሽን ወስደሻል?» ትላታለች። ዛሬ ጠዋት እናቷ ኪኒኑንና ውሃውን አቀብላት ወደ ስፌቷ ዞር ስትል፣ ፌንጣ ኪኒኑን በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ዛሬን ብቻ፤ እጄ እንዲረጋልኝ ብላ።

እጇ ግን ውለታዋን አልቆጠረላትም። አሁንም ይንቀጠቀጣል! በአንድ ጠዋት የሚተው ነገር አልነበረም፤ የደስታው ብዛት ደግሞ አባሰበት።

ወላጆች አዳራሹን ሞሉት። እናቷ ራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች፤ የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቷ ማውረድ ረስታለች። ፌንጣን በቆመችበት ስትዘል አየቻትና፣ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ «ወሰድሽ?» አለቻት።

ራስን ነቅነቅ ማድረግ ቀላል ነው። ማን ያውቃል? ሌሎቹ ክፍተቶች ተሞልተዋል፤ ፌንጣ ለእሷ የቀረውን የመጨረሻውን ክፍተት አየች። አምና እሷን የሚያስቆም አንዲት ክፍተት እንኳ አልነበረም።

«አልወሰድኩም» አለች በከንፈሯ። እናቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። ፌንጣ «ቆይ» ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻትና ሶፍቱን ከኪሷ አወጣች።

«ውሃሽን አቀብዪኝ» አለቻት ኢንጂነሯን።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒቴ። ባይፖላር አለብኝ። እጄን የሚያንቀጠቅጠው ኪኒኑ ነው፤ ብርድ አይደለም።» ውሃውን ተቀብላ ዋጠችው።

ኢንጂነሯ ውሃዋን መልሳ ተቀበለቻት። «አምና የጠፋሽው... በዚህ ነው?»

«አዎ።»

«አንቺ! እኔ እኮ ያኮረፍሽኝ መስሎኝ ስንት ቀን አለቀስኩ!»

ሁለቱም ሳቁ። ፌንጣ ሆዷን አዳመጠችው፤ ያ የሚዘለው ነገር አልሄደም። ደስታው የራሷ ነው፤ የሕመሙ አይደለም። የእጇን ነገር ለሐኪሟ መንገሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈራችውም።

«ክፍተቱን አንቺ ሙዪው» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔ እገፋለሁ። ለመግፋትማ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይበልጣል!»

ኢንጂነሯ ትንፋሿን ይዛ የመጨረሻዎቹን ጠጠሮች አቆመች። የፌንጣ እናት ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ፈገግ ብላለች። ፌንጣ ወደ መድረኩ ሥር ሄዳ ተንበረከከች፤ ሰው ሁሉ እያያት እጇን ሳትደብቅ ዘረጋች።