የተቀናቃኝ ድንጋይ

ጠራቢው ጥቁሩን ድንጋይ በጀርባው አዝሎ ገደሉን መውረድ ሲጀምር፣ ነፋሱ አሸዋ እየዘገነ ፊቱን ይገርፈው ነበር። የተሸከመው ድንጋይ የራሱ አልነበረም። የእሱን ነጭ ድንጋይ የተሸከመው ከኋላው የሚከተለው ተቀናቃኙ፣ ቀጮ የሚሉት ሰው ነው። የማዕድን ወፍጮ ቤቱ አለቃ ሕግ አጭር ነው፦ ለውድድር የሚቀርብ የወፍጮ ድንጋይ በተቀናቃኝ ጀርባ ይመጣል፤ የሰው ድንጋይ የጣለ ወይም የሰበረ ያለ ክርክር ተሸናፊ ነው።

ያሸነፈው ጠራቢ፣ ወርቅ ያዘለውን አለት ለሚፈጨው ወፍጮ ለአሥር ዓመት ድንጋይ ያቀርባል። እስከ ዛሬ አቅራቢው ጠራቢው ነበር። ቢሸነፍ ከአባቱ የወረሰው የድንጋይ ካባ ይዘጋል፤ ሌላ ሙያ ደግሞ አያውቅም። ሴት ልጁ እዚያው ወፍጮ ቤት ትሠራለች። ዓመት ሙሉ ስትስል ከረመች፤ እሱም «ብርድ ነው» እያለ ራሱን ሲያታልል ከረመ።

ነፋሱ በማግስቱ በረደ፤ መከራው ግን አልበረደም። ከምንጭ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ በገዛ ዱካቸው ላይ የነብር ዱካ ታትሞ አገኙ።

«ቢላህን ሳል» አለ ቀጮ ሸክሙን እያወረደ፤ «እኔ እሳት ላያይዝ።»

ጠራቢው ጥቁሩን ድንጋይ በውሃ አርሶ ቢላውን ሳለበት፤ የሚፈሰውን ውሃ በኩባያ ተቀበለው። ብረቱ ትንሽ አጠቆረው እንጂ ከኩባያው ሥር ምንም አልዘቀጠም። ልቡ ፈራ። ቀጮ ጀርባውን መስጠቱን አይቶ በነጩ ድንጋይ ደግሞ ሞከረ። ውሃው እንደ አጓት ነጣ፤ ከሥሩ ለጣት የሚሻክር አሸዋ ተኛ። ድንጋዩ ራሱን እየበላ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሱ ግን እንዲያድር አልፈለገም፤ ውሃውን ደፋው።

ነብሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአንድ አለት ላይ ዘለለባቸው። ቀጮ የነደደ እንጨት ፊቱ ላይ ወረወረበት፤ ጠራቢው በተሳለው ቢላ ትከሻውን ወጋው። አውሬው እያጓራ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ሳይተኙ አነጉ።

በሦስተኛው ቀን ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። መሐል ላይ ጠራቢው እግሩ ከዳው፤ የታዘለው ድንጋይ ወደ ታች ጎተተው። ውሃ ጠጣ፣ ሰማዩ ጠፋበት። ከዚያ አንድ እጅ አንገትጌውን ጨመደደው።

ማዶ ሲወጡ ቀጮ ጀርባው ባዶ ነበር።

«ድንጋዬስ?»

«ወንዙ ወሰደው። ምን ላድርግ፣ ተሸክሜው ልደርስብህ አልቻልኩም።»

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አለቃው ጠበቃቸው። የጠራቢው ልጅም አፏን በጨርቅ አስራ፣ አቧራ ለብሳ፣ እየሳለች ወጣች።

«ሕግ ሕግ ነው፤ ቀጮ፣ ተሸንፈሃል» አለ አለቃው።

ቀጮ አቀረቀረ፤ ስለ ወንዙ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጠራቢው ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ። የልጁ ሳል አላባራ አለ።

«ወፍጮውን አቁሙልኝ» አለ ጠራቢው። «ሁለት ኩባያ ውሃም ስጡኝ።»

ከወፍጮው ላይ ካለው ከራሱ ድንጋይ የወርቁን አለት ጠርጎ ድንጋዩን አጠበው፤ ከዚያም አርሶ በቢላ ፋቀውና ውሃውን በኩባያ ተቀበለ። ጥቁሩንም እንዲሁ አደረገ። ኩባያዎቹን አለቃው ፊት ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ ነጥቶ ደፈረሰ።

«ይህ ከወርቁ አለት የመጣ አይደለም» አለ። «ከእኔ ድንጋይ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚተነፍሱት ይህንን ነው። እኔ ከትናንት በስቲያ አውቄ ውሃውን ደፍቻለሁ።»

 ልጁ ኩባያውን አንሥታ ረጅም ጊዜ አየችው።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የእኛ ድንጋይ ነው» አለች።

«አዎ ልጄ፣ የእኛ ነው።»

አለቃው ወደ ጥቁሩ ድንጋይ አመለከተ። ቀጮ መዶሻና መፈልፈያ ይዞ ወደ ወፍጮው ሲጠጋ ጠራቢው ከእጁ ተቀበለው። ድንጋዩን የተከለው እሱ ነበር፤ የነቀለውም እሱ ሆነ።