ዕድሜዎን ያረጋግጡ

«የእናትሽን መታወቂያ አመጣሽ?» አለ ምስክር፣ እጁን በባንኮኒው ላይ ዘርግቶ።

ኮከቤ አምጥታለች። በዩኒፎርም ሹራቧ ኪስ ውስጥ ነው። ጠዋት እናቷ በጎቹን ልታወጣ ስትሄድ ከሣጥኑ አወጣችው፤ ሳትጠይቅ።

ምስክር ሞላሌ ገበያ ዳር ስልክ ይጠግናል። የኮከቤ ስልክ ግን አልተበላሸም። ችግር የገጠመው ቪዲዮ የምትለጥፍበት ገጿ ነው። ከአራት ቀን በፊት ስትከፍተው «ዕድሜዎን ያረጋግጡ» የሚል ጽሑፍ መጣባት። መታወቂያ ወይም የፊት ቪዲዮ በሰባት ቀን ውስጥ ካልተላከ ገጹ ይጠፋል ይላል። ለሌላ ሰው ካሁኑ ተዘግቷል፤ ለእሷ ብቻ ገና ይታያል።

ጥፋቱ የራሷ ነበር። ገጹን ስትከፍት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ለልጅ አይፈቀድም ሲላት፣ የዓመቶቹን ዝርዝር በጣቷ ወደ ታች ሳበችውና የቆመበትን ነካች፤ በፈረንጆቹ 1990። በአንድ ጊዜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነች።

ገጹ ላይ ያለው ግን የቀልድ አልነበረም። አርባ አንድ ቪዲዮ፣ ሁሉም የአያቷ የአቶ ዓምደ ሚካኤል። ባና የሚባለውን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ሲሠሩ፣ የበግ ጠጉር ሲያባዝቱ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠሩ ሲቀልዱ። የቀረጸችበት አሮጌ ስልክ አምና ውኃ ገብቶበት ቀረ። እሳቸውም፣ አባባ የምትላቸው፣ ባለፈው ጥር አረፉ።

«የራሴን ፊት ብልክስ?» አለችው።

«አንቺ? ሠላሳ አምስት ዓመት ልትመስዪ?» ምስክር ሳቀ። «የእናትሽ ይሻላል። ፎቶ አነሣዋለሁ፣ እልካለሁ፣ አለቀ። አታካብጂ ባክሽ! የስንቱን ሰው ሠርቻለሁ መሰለሽ።»

እንድታምነው ስልኩን አንሥቶ ፎቶዎቹን አሳለፈላት። መታወቂያ፣ መታወቂያ፣ የአንድ ሙሽራ ፎቶ፣ ደግሞ መታወቂያ። ኮከቤ አንዱ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እትዬ ጥሩሸዋ እኮ ናቸው! ጎረቤታችን።»

«አዎ፣ ለሲም ካርድ ነበር።»

«መቼ?»

ምስክር ትንሽ አሰበ። «ገና አካባቢ መሰለኝ። ማጥፋቱን ረስቼው ነው።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ የረሳው እውነቱን ነው። ግን ያ ስልክ ቀኑን ሙሉ ባንኮኒው ላይ ይውላል። ዘፈን የሚፈልግም፣ ሰዓት የሚያይም ያነሣዋል። እትዬ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከነስልክ ቁጥራቸው፣ ከነተወለዱበት ዓመት፣ በማያውቁት ሰው እጅ ሁሉ ሲያልፉ ከርመዋል። እሳቸው ይህን አያውቁም።

ኮከቤ ኪሷ ውስጥ ያለውን ካርድ በጣቶቿ ጨበጠችው።

«ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

እናቷ፣ እታገኝ፣ ደጅ ላይ ተቀምጣ ገብስ ታበጥር ነበር። ኮከቤ መታወቂያውን አጠገቧ አስቀመጠች።

«ከሣጥኔ ነው ያወጣሽው?»

«አዎ፣ እማ።»

«ለማን ልትሰጪው?»

ኮከቤ ሁሉንም ነገረቻት፤ የምስክርን ፎቶዎች፣ የእትዬ ጥሩሸዋን፣ ያንን 1990ንም። እናቷ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ሰማቻት።

«እኔ እኮ የተወለድኩት በሰባ አንድ ነው» አለች በመጨረሻ። «በፈረንጆቹ ሲቆጠር ደግሞ ሌላ ነው። መታወቂያዬ ለውሸትሽ እንኳ አይሆንሽም ነበር።» ተቆጥታ ይሁን ልትስቅ፣ ኮከቤ አልገባትም። «ለመሆኑ እዚያ ላይ ያለው ምንድን ነው? አሳይተሽኝ አታውቂም።»

ኮከቤ አጠገቧ ተቀምጣ አንዱን ከፈተች። የራሷ የልጅነት ድምፅ ቀድሞ ተሰማ፤ «አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

አባባ ከሥራቸው ቀና አሉ። «እኔ የተወለድኩት ውርጭ ገብሱን በጨረሰው ዓመት ነው። መታወቂያዬ ላይ ያለውን ጸሐፊው ፊቴን አየት አድርጎ ነው የገመተው። አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ የምትቀርጪው ማን ሊያየው ነው?»

እናቷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

«ድምፃቸው» አለች። «ድገሚልኝ።»

ደገመችላት። ከዚያ ሌላውን ከፈቱ፣ ከዚያም ሌላውን። በጎቹ ራሳቸው ወደ ቤት እስኪመጡ ድረስ ገብሱ ሰፌዱ ላይ እንዳለ ቆየ።

ከእራት በፊት ኮከቤ ያንን ማስጠንቀቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበችው። እስካሁን ከላይ ያለውን ብቻ አይታ ነበር የደነገጠችው። ከታች በደቃቅ ፊደል ሁለት ምርጫ ነበረ፤ ያስገቡትን የልደት ቀን ያርሙ፣ የፋይሎችዎን ቅጂ ያውርዱ። መጀመሪያ ሁለተኛውን ነካች። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ፣ ቪዲዮዎቹ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ተጠናቀው ስልኳ ውስጥ፣ ከዚያም እናቷ ስልክ ውስጥ ገቡ። ቆጠረቻቸው፤ አርባ አንድ።

አሁን የልደት ቀኑ ቀረ።

«እማ፣ ኅዳር ስንት ነው የተወለድኩት?»

«አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት። አባባ ለንግሥ ሄደው ነበር። ሲመለሱ እልልታውን ከአጥሩ ውጭ ሰሙት። ሊሸጡት ያዘጋጁት አዲስ ባና ነበር፤ ‘ገዢው ይጠብቅ’ ብለው አንቺን ጠቀለሉበት።»

ኮከቤ ይህን ሰምታ አታውቅም። ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀይራ አስገባችው፤ ኖቬምበር 21፣ 2010። አሥራ አምስት ዓመት። አዲስ ጽሑፍ ወጣ። ገጹ እንደማይጠፋ፣ ግን በዚህ ዕድሜ ለቅርብ ሰዎች ብቻ እንደሚታይ፣ የማታውቃቸው ተከታዮች ሁሉ እንደሚወጡ ይናገራል። ይቀጥሉ?

ከሁለት ሺህ በላይ ነበሩ። ጥር ላይ አገር ሙሉ የማታውቀው ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎላት ነበር፤ ሌሊት ከእንቅልፏ ስትነቃ ታነበው የነበረው እሱን ነው። አሁንም ወደ አስተያየቶቹ ተመልሳ ጥቂቱን አነበበች።

«ምን ይላል?» አለች እናቷ፣ አንገቷን አስግጋ።

«ከእኛ በቀር ማንም አያየውም ይላል።»

እናቷ ትንሽ ጠጋ ብላ ስልኩ በደንብ እንዲታያት ነጠላዋን ገለል አደረገች።

ኮከቤ «ይቀጥሉ» የሚለውን ነካች።