የአቶ ውባንተ ቀኝ እጅ

እሑድ ቀትር ላይ ኢንስፔክተር ማስተዋል ከገንዳ ውሃ መተማ ዮሐንስ ስትደርስ አቶ ውባንተ ከወደቀው ግድግዳ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ቀኝ እጃቸው ከፍርስራሹ ወጥቷል፤ መዳፋቸው ውስጥ የግንበኛ ማንካ አለ። የጥገናው ኮሚቴ ሊቀመንበር ደረበ አጠገባቸው ቆሞ ያለቅሳል። እንባው መነጽሩን እንዳያበላሽበት ቀድሞ አውልቆ ኪሱ ከትቶታል።

«ቤቱ ገደላቸው» አለ። «አርጅቷል። ነገ ጠዋት ይፈርሳል። ቅርስ ከሰው ነፍስ አይበልጥም።»

ደረበን አንቱ እንድል የሚጠብቅ ካለ ይቅር ይበለኝ፣ ምላሴ አይታዘዝልኝም። መሐንዲሱን አለምሰገድንም እንዲሁ።

ቤቱ የሲራራ ነጋዴ ያሳድር የነበረ፣ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው የድሮ የጭቃ ቤት ነው። ከድንበሩ ማዶ ጦርነቱ ሲነሳ የጭነት መኪናው ቀረ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ ሰዉም ወደ ጎንደር ተበተነ። ያን ጊዜ «ይህን ቤት እንጠግነው» ያለው ኮሚቴው አይደለም። ኮሚቴ ምን ያውቃል? ያሉት ግንበኛው አቶ ውባንተ ናቸው። ሠላሳ ሴቶች ሰብስበው የጭቃ ሥራ አስተማሩ። አራት ክፍል ሲያልቅ ረፊቃ የምትባል የሰፈሩ ሴት በአንዱ ፉል ቤት ከፈተች፣ በሌላው ልብስ ሰፊ ገባ፣ ሦስተኛውን ዘይት ጨማቂዎች ተከራዩት። ከፊት ለፊት ተከርችመው የከረሙ ሰባት ሱቆች ተከፈቱ፣ ከጎንደርም ተማሪ በአውቶቡስ እየመጣ ይጎበኘው ጀመር። ኮሚቴው የተወለደው ይኼኔ ነው፤ ባነሩና አበሉ መንታ ሆነው ተከተሉት።

ማስተዋል ተንበርክካ ከአቶ ውባንተ ራስ ላይ ፍርስራሹን አነሳች። ከሬሳው የኋላ ጭንቅላት ላይ ያለው ቁስል ጠባብና ጥልቅ ነው። ማንካው ላይ የተለቀለቀውን ጭቃ አሸተተች፤ አይሸትም። በውስጡ ያለው ጭድ ገና ቢጫ ነው። እጀታው ላይ ቀይ ክር ተጣብቋል። ከዚያ ተነስታ ግቢው ጥግ ወዳለው የጭቃ ጉድጓድ ሄደች። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ጭዱም ጠቁሯል።

የሴቶቹ አለቃ ዘሀቢያ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውን አንቱ እላለሁ፤ እጃቸው ላይ ያለው ጭቃ ይበቃቸዋል።

«እትየ ዘሀቢያ፣ ቅዳሜ ከአቶ ውባንተ ጋር ተጣልተዋል አሉ።»

«ተጣልተናል ልጄ። ጭቃው ደርሷል፣ እሑድም ቢሆን ነገ ማለዳ እንጀምርበት አልኩ። አልቦካም፣ እስከ ሰኞ ይቆይ አሉኝ። ጮህኩባቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ውሃ አርከፍክፌለት እሄዳለሁ ብለው ነበር። ምናለ ባልጮህኩባቸው ኖሮ።»

«ቤቱ ከፈረሰስ?»

«ሠላሳ ሴት ነን። ሰሊጥ አጨዳ እንገባለን። እሱ ሲያልቅ ምን እንደምንሆን እኔም አላውቅም።»

መሐንዲሱ አለምሰገድ ጥላ ሥር ቆሞ የላብ ጠረጋ ላይ ነው። በስብሰባ «ዘላቂነት» የምትለውን ቃል ሳይጠራ ውሃ የማይጠጣ ሰው፣ ዛሬ ቃሏን አላነሳም።

«በሲሚንቶ ይለሰን ብዬ ስድስት ወር ተከራክሬያቸዋለሁ» አለ። «ይሄን ማንካም ገዝቼ ሰጥቻቸው ነበር። ጭቃ በማንካ አይለሰንም፣ ስንጥቁን የሚያገኘው መዳፍ ነው ብለው መለሱልኝ። በጥናቴ ላይም ጽፌዋለሁ።»

«ከዚያ ማንካው የት ገባ?»

«ለምርቃቱ ቀን ለፎቶ ተፈለገ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

«የግድግዳውን ሥር ተመልክተዋል?»

ክንዱን ይዛ ወሰደችውና አሳየችው።

«ርሷል» አለ በቀስታ። «ተቆፍሯልም። ዝናብ ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።»

የደረበ ቢሮ ግድግዳ ላይ በወርቅ ቀለም ክፈፍ ውስጥ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ደረበ ሱፍ ለብሶ፣ ቀይ ሪባን የታሰረበት ማንካ ይዞ፣ ግድግዳ ላይ ጭቃ ይለጥፋል፤ ዓይኑ ግን ካሜራው ላይ ነው።

«የመጀመሪያውን ልስን የለሰንኩት እኔ ነኝ» አለ ፎቶውን እያሳየ።

«አቶ ውባንተ ሲሠሩስ ያዩዋቸው ነበር?»

«በየቀኑ! ከአጠገባቸው ተለይቼ አላውቅም።»

ማስተዋል አመስግናው ወጣች።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ዶዘሩ ከበሩ ፊት ቆሞ ሞተሩን ያጓራል። ማስተዋል ሞተሩን አስጠፍታ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሴቶቹ በአንድ በኩል ቆመዋል። ደረበ ወንበር አስመጥቶ ተቀምጧል።

«ይህ ቤት ሰው አልገደለም» አለች። «አቶ ውባንተ የሞቱት ከኋላ በዶማ ተመትተው ነው፤ የወደቀ ግድግዳ እንዲህ ጠባብና ጥልቅ ቁስል አያቆስልም። ግድግዳው የወደቀባቸው ኋላ ነው፤ ሥሩን ቆፍሮ ውሃ የለቀቀበት ሰው አለ። እሑድ ጠዋት ሥራ ስለሌለ የሚያየኝ የለም ብሎ ነበር። ጭቃው ግን ቦክቶ ስላላለቀ አቶ ውባንተ ውሃ ሊያርከፈክፉለት መጡና ደረሱበት።»

«ማን ነው?» አሉ ዘሀቢያ።

«ገዳዩ ሲሠሩ የሞቱ ሊያስመስል ማንካ አስጨበጣቸው። የሚሸተውን የጉድጓዱን ጭቃ ተጸይፎም አፈርና ጭድ በጥድፊያ ለውሶ ቀባበት። እትየ፣ አቶ ውባንተ ጭቃ በምን ነበር የሚለስኑት?»

«በእጃቸው ነዋ። ሌላ በምን ይለሰናል?»

«ይህን ሠላሳችሁም ታውቃላችሁ። መሐንዲሱም ያውቃሉ፤ ተከራክረው ተረትተዋል። የማያውቀው ስለ ልስን ያለው እውቀት ሁሉ አንድ ፎቶ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ብቻ ነው። የሪባኑ ክር አሁንም እጀታው ላይ አለ።»

ሰው ሁሉ ወደ ደረበ ዞረ።

«ያ እርስዎ የለሰኑት እንኳ» አሉ ዘሀቢያ «ፎቶ አንሺው ሲሄድ አቶ ውባንተ ፍቀው በእጃቸው ደግመውታል።»

«በየቀኑ አያቸው ነበር ያሉኝ ሰው ይህን እንዴት አላዩም?» አለች ማስተዋል።

«ይሄ ማስረጃ አይባልም!» አለ ደረበ ከወንበሩ እየተነሳ።

ማስተዋል ወደ ዶዘሩ ሾፌር ዞረች። «ለዚህ ሥራ መቼ ነው የተቀጠርከው?»

«ዓርብ» አለ ሾፌሩ። «ሰኞ ጠዋት ይህን ቤት አፍርስ፣ ጦርነቱ ሲያልፍ የጭነት መኪና ማቆሚያዬን ልሠራበት ነው አሉኝ አቶ ደረበ።»

«ግድግዳው የወደቀው እሑድ ነው» አለች ማስተዋል።

ደረበ ንግግር ካላጻፈ መናገር አይሆንለትም። እጁ ሲታሰር ብቻ «ለከተማው ልማት ብዬ ነው» አለ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ዝም እል ነበር።

ዶዘሩ ዞሮ ሄደ። ማንካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ገንዳ ውሃ ተላከ፤ ይህ ዕቃ በሕይወቱ የሠራው ብቸኛ ቁም ነገር ፎቶ የተነሳበትን ሰው ማሳሰር ነው።

ዘሀቢያ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። አንድ እፍኝ ጭቃ አንስተው በጣታቸው መሐል አሹና አሸተቱ።

«ልክ ነበሩ» አሉ። «የደረሰው ዛሬ ነው።»

ጭቃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፈረሰው ግድግዳ ሄዱ። ሴቶቹም ተከተሏቸው።