ከአረንጓዴው ስንጥቅ የተጣራው ድምፄ

እንዲህ ያለ ወሬ ከማያምኑት አንዷ ነበርኩ፣ ዶርም ውስጥ ልጆቹ መብራት አጥፍተው ስለ ጅን ሲያወሩ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እንቅልፌን የምተኛ፣ ጠዋት ደግሞ «አንቺ ልብ የለሽም» የምባል ሰው ነኝ። የተማርኩት ጂኦሎጂ ነው፣ ያልገባኝ ነገር ካለ ገና ስላላጠናሁት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ምክንያቱን ፈልጌ ፈልጌ ስላጣሁት ነው።

ነገሩ የጀመረው በቅልሞሽ ድንጋይ ነው። በተመረቅሁበት ዓመት ከሚሴ አክስቴ ዘሀራ ቤት ሰነበትኩ፣ ልጇ መሪማ ልትዳር ቀናት ነበር የቀሯት። ወደ ባሏ ቤት የምትወስደውን ለመለየት የልጅነት ሳጥኗን ስትገለብጥ ቅልሞሽ ትጫወትባቸው የነበሩ ጠጠሮች ወለሉ ላይ ተበተኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። አንስቼ በቢላ ጫፍ ጫርኩት፣ ተጫረ።

«ፍሎራይት ነው» አልኳት።

«የከበረ ነው እንዴ?»

«ብዙም አይደለም።»

«ታዲያ ምን አሳቀፈሽ?»

አላወቀችም እንጂ እዚያ አካባቢ ጥቁር ድንጋይ እንጂ አረንጓዴ ፍሎራይት አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ያደገበትን ቦታ በዓይኔ ሳላይ፣ ከግድግዳው ላይ ራሴ ለቅሜ ሳልይዝ እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም። በልጅነቷ የለቀመችበትን ቦታ የምታውቀው ደግሞ መሪማ ብቻ ናት። አክስቴ «ሙሽራ ዳገት አትወጣም» ብላ ብዙ አንገራገረች፣ መሪማ አገላብጣ ስትስማት ግን ለሰለሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሀያት፣ አማናዬ ናት፣ አደራ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይል ቤቴ ትግባ።»

«ኢንሻአላህ፣ አክስቴ።»

እስከ ጨፋ ሮቢት በሚኒባስ ሄድን፣ ከዚያ በእግር። ማሽላው አሽቷል፣ ከፍ ባልን ቁጥር የቦርከና ወንዝ ከኋላችን እየቀጠነ ሄደ፣ መሪማ በላስቲክ ጫማዋ ከፊቴ ትዘላለች፣ እኔ አለከልካለሁ።

«ይሄ ድንጋይ እንዴት ነው የሚበቅለው?» አለችኝ።

«አይበቅልም፣ ግን ያድጋል። ከመሬት ሆድ የሚወጣ ፍል ውሃ የሟሟ ነገር ተሸክሞ በስንጥቅ ውስጥ ያልፋል፣ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ግድግዳው ላይ ያስቀምጣል፣ በላዩ ላይ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ፣ በጣም በዝግታ። ግን ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታ ካላገኘ ቅርጹን አያወጣም።»

«እንደ ሐሜት ነዋ፣ ክፍተት ካገኘ ያድጋል። ለአማቴ እነግራታለሁ።»

ስንጥቁ በሁለት ትልልቅ አለቶች መሀል ነው፣ በጎን ካልሆነ አያስገባም። ባትሪዬን አብርቼ ገባሁ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ኩቦች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ቆመዋል፣ ጠርዛቸው ሰው የሞረደው ነው የሚመስለው። ፍሎራይት ቶሎ ይሰነጠቃል፣ እሱን ራሱን ከመቱት በአንድ ምት ይከፈላል፣ ስለዚህ መሮውን ከኋላው ባለው ድንጋይ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ መታ መታ አደርጋለሁ፣ ሲላቀቅ በሌላ እጄ ተቀብዬ በሶፍት እጠቀልለዋለሁ። መሪማ ደጅ ቆማ ስታየኝ ሰለቻት መሰለኝ «ዐስር ልስገድ» ብላ አለቱ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ሄደች።

ብቻዬን ስሆን ነው የሰማሁት። መታ መታ አድርጌ ሳቆም አንድ ምት ይጨመራል። ፀሐይ ያሞቀው አለት ሲቀዘቅዝ እንዲህ ይጮሃል አልኩ፣ እውነትም ይጮሃል። ደግሜ መታሁ፣ አቆምኩ፣ ያው ምት ከቅድሙ ራቅ ካለ ጥልቀት ተሰማ። ከዚያ እርጥብ ሞቅ ያለ አየር አንገቴን ነካኝ፣ ከሥር ፍል ውሃ ይኖር ይሆናል አልኩ። ከዚያ ደግሞ ሰው ተናገረ፣ ለእኔ ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ክፍል በስልክ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ። መሪማ ሶላቷ ላይ ሆና ነው ብዬ ተውኩት፣ ግን በስልክ የተቀዳ የራሳችሁን ድምፅ ስትሰሙ የሚያሳፍራችሁ ነገር አለ አይደል፣ የምታውቁትና የማታውቁት የሚሆንባችሁ፣ ልክ እንደዚያ ተሰማኝ።

የለቀምኩትን ሰብስቤ ወጣሁ። የሰገደችበት ሻርፕ ተነጥፏል፣ እሷ የለችም። ሌላ ሰው ቢሆን ስሟን ይጣራ ነበር፣ እኔ ድምፄን ከፍ ማድረግ ስለማልወድ ዝም ብዬ አለቱን ዞርኩ። ከታች ሌላ ስንጥቅ አለ። መሪማ በጎኗ እየገባችበት ነበር፣ የሚታየኝ ግራ ትከሻዋና አንድ እግሯ ብቻ ነው።

«እሺ መጣሁ፣ ጠብቂኝ» ትላለች ወደ ውስጥ።

ክንዷን ይዤ ሳብኳት። ዞራ አየችኝ፣ ወደ ጨለማው ተመለከተች፣ እንደገና አየችኝ።

«አንቺ በየት ዞረሽ መጣሽ?»

«ከላይኛው ስንጥቅ እኮ ነው የመጣሁት።»

«አሁን ከዚህ ውስጥ ስትጠሪኝ አልነበር?»

«አልጠራሁሽም፣ መሪማ።»

«ሀዩ፣ ድምፅሽን ላጣው ነው? ‹ኮቱ፣ አሰን ጅራ› አላልሽኝም? ዛሬስ ኦሮምኛዋ ተቃናላት ብዬ ደስ ብሎኝ እኮ ነው የመጣሁት።»

እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ እኔ ያደግሁት ደሴ ነው፣ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። «ኮቱ» ነይ ማለት ነው፣ «ቱ»ው ጠብቆ ነው የሚነገረው፣ እኔ አላልቼ ስለምለው የአክስቴ ቤት ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ አፍሬ መናገሩን ትቼዋለሁ። «ነይ፣ እዚህ ነኝ» ብዬ በኦሮምኛ አሳምሬ ልጠራ ብፈልግ እንኳ አልችልም።

ባትሪውን ወደ ውስጥ አበራሁ። የመሪማ እግር ቀጥሎ ሊያርፍ የነበረበት ቦታ መሬት የለውም። ጠጠር ጣልኩ፣ ሲያርፍ አልሰማሁም። ብርሃኑ እስከሚደርስበት ድረስ ግድግዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ እኔ ከያዝኳቸው እጥፍ የሚያክሉ፣ አንድም ያልተነካ ኩብ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም፣ እጄን ግን አልዘረጋሁም።

«የገደል ማሚቶ ይሆናል» አልኩ።

«የገደል ማሚቶ ኦሮምኛ ያውቃል?»

ለቀልድ ነው ያለችው፣ ግን ማናችንም አልሳቅንም። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወረድን፣ ከሚሴ ደርሰን በሩን ስንገባ መግሪብ አዛን አለ። አክስቴ «አማናሽን መለስሽ፣ አልሀምዱሊላህ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ፣ እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ሠርጉ እንዳይረበሽ ብለን ለማንም አልተናገርንም።

መሪማ ተድራ ሰንበቴ ከተማ ባሏ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቶ ስልክ መደወል ጀመረች፣ ሁልጊዜ ባሏ ገበያ ውሎ ሳይመለስ፣ ሊመሽ ሲል።

«ሀዩ፣ አሁን ደጄ ላይ ነሽ?»

«ደሴ ነኝ።»

«እሺ» ትልና ትዘጋዋለች። አንድ ቀን «ስትጠራሽ አልመለስሽላትም አይደል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ምን ላድርግ፣ ያንቺ ድምፅ እኮ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ ልጠይቃት ስሄድ በሩን ዝም ብላ አትከፍትልኝም። «‹ኮቱ በኒ› በይ» ትለኛለች ከውስጥ፣ ነይ ክፈቺ እንደማለት ነው፣ እኔም «ቱ»ውን አላልቼ እላለሁ፣ እኔ መሆኔን በዚህ ታውቅና ትስቃለች፣ ትከፍትልኛለች። ሳቋን ስሰማ እኔም ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ሄድኩ። ደክሞኛል፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው፣ እስክትጠይቀኝ እንኳ ሳልጠብቅ «ኮቱ በኒ» አልኩ። ሳቅ አልሰማሁም። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ እስከ በሩ መጥቶ ቆመ።

«መሪማ፣ ሀያት ነኝ» አልኩ በአማርኛ።

«ዛሬ አጥብቀሽ አልሽው» አለች ቀስ ብላ።

እንዴት እንዳልኩት አላስታውስም። አላልቼ ልድገመው ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አሁንም ጠብቆ ወጣ። ነጠላ ጫማዋ ወደ ውስጥ ሲመለስ ሰማሁት፣ መቀርቀሪያው አልተነካም፣ እኔ መሆኔን በምን እንደማስረዳት ግራ ገብቶኝ እዚያው ቆምኩ።