ቀንዱ ውስጥ ያልረጋው ደም

የመቱ ከተማ ሰው ወገቡን ቢቆርጠው፣ ራሱን ቢፈልጠው፣ ገበያው ዳር ገላ በጥቶ፣ በቀንድ ደም እየመጠጠ ወደሚያግመው ወደ ደርበው ነበር የሚሮጠው። ደርበውም ቀንዱን ነቅሎ፣ ውስጡ የረጋውን ጥቁር ደም በጣቱ ገልበጥ እያደረገ «ይኸውልህ በሽታህ» ይላል። በሽተኛው አይቶ እፎይ ይላል። ደርበው የበጣበትን ምላጭ በኩታው ጫፍ ጠርጎ ለሚቀጥለው ያዘጋጃል፤ ማጠብ ብሎ ነገር የለ።

ክረምት ሲገባ አንድ ልጁን ሙሉብርሃንን ቡና ጫካ ውስጥ ጉቶ እግሯን ወጋት። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ትኩሳቱ አነደዳት፤ በአራተኛው ቀን ጭኗ ላይ ቁንጫ የበላት የሚመስል ቀያይ ነጠብጣብ ወጣ። እናቷ ጥሩአየሁ፣ ጎሬ ከተማ ያለው ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት ብላ ደርበው እግር ላይ ወደቀች። እሱ ግን አገር በእጄ እየዳነ የገዛ ልጄን ለሰው አላስረክብም ብሎ ተቆጣ። መጥፎው ደም መውጫ ፈልጎ ቆዳዋ ድረስ መጥቷል አለና ጀርባዋን በጣ።

ቀንዱን ሲነቅል ደሙ አልረጋም። እንደ ውሃ ፈሰሰ። ጨርቅ ቢጭንበት፣ በመዳፉ ቢያፍነው አልቆም አለ። ሃያ ዓመት ደም ያየው ሰውዬ ያን ቀን ፈራ። ቃሬዛ አሠርቶ ሽቅቡን ወደ ጎሬ ይዟት ወጣ።

ምን ዋጋ አለው፣ በማግስቱ ሞተች። የሐኪሙን ቃል አስተርጓሚው ወልደ ማርያም አስረዳው። በቁስሉ የገቡ፣ ዓይን የማያያቸው ተባዮች መርዝ ይረጫሉ። በሰው ደም ውስጥ ደግሞ ቀዳዳ የሚደፍኑ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ መርዙ ያለ ቦታቸው ቀስቅሶ እርስ በርስ እያጣበቀ ይጨርሳቸዋል። ነጠብጣቡ የዚያ ምልክት ነበር። ምላጩ ሲያርፍባት ደፋኝ አልቀረላትም።

«የረጋው ደምስ? በሽታው እሱ አይደለም?» አለ ደርበው።

«አይደለም ጋሼ። የረጋው ደም የገላ ዘበኛ ነው።»

አርባዋ በወጣ ሰሞን ከሶር ወንዝ ማዶ አንድ ገበሬ እግሩ ቆስሎ፣ አብጦ መጣ፤ ኦቦ ደርበው፣ አግመኝ አለው። ደርበው ግንባሩን ዳሰሰ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ጭኑን አየ። ያው ነጠብጣብ ነው።

«ቁስል ያተኮሰው ሰው ቆዳው እንዲህ ከሆነ ምላጭ አይነካውም» አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ዘበኛውን ሌባ ነው እያልኩ ስደፋ ኖርኩ። ይህን ለማወቅ ልጄን ቀብሬያለሁ፤ አንተ በነጻ ስማኝ።»

ወዲያው ሰው ጠርቶ ገበሬውን ጎሬ አደረሰው፤ የቃሬዛውን አንዱን ጫፍ የተሸከመው ራሱ ነበር። ሰውየው ዳነ። ጥሩአየሁ ይህን ስትሰማ እልል ማለት አቃታትና አለቀሰች፤ ቃሬዛው የልጇ ነበር።