በኤልሳ ዕቃ የቆመች መኪና

ሐዳሳ ጠና ኤልሳን መጥላት የጀመረችው በአንድ ስፖኪዮ ምክንያት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሆሳዕና ውስጥ በተከራየችበት ግቢ፣ የአከራይዋ ልጅ ጴጥሮስ እንደ ልማዱ አሮጌዋ ስቴሽን ዋገን ሥር ተንጋሏል፤ ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ሐዳሳ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ «አስራ ሦስት ቁልፍ» ሲላት አስራ ሦስት ቁልፍ፣ «ካቻቢቴ» ሲላት ካቻቢቴ ታቀብለዋለች። የግቢው በር ተንኳኳና ቀይ ጃኬት የለበሰች መልከ መልካም ሴት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ገባች።

«የግራውን ስፖኪዮ አገኘሁልህ!» አለች፣ ጤና ይስጥልኝን እንኳ ሳታስቀድም።

ጴጥሮስ ከመኪናዋ ሥር ተወርውሮ ወጣ። ሐዳሳ በስምንት ወር ውስጥ እንዲህ ሲፈጥን አይታው አታውቅም። ስፖኪዮውን ተቀብሎ እንደ ሕፃን አገላበጠው። «ኤልሳ፣ አንቺ እኮ መድኃኒት ነሽ!» አላት።

መድኃኒት! መድኃኒት ቤት ውስጥ ስትሠራ የምትውለው ሐዳሳ ናት፤ መድኃኒት የተባለችው ግን ኤልሳ ሆነች።

መኪናዋ የጴጥሮስ አባት ነበረች። እሳቸው ካረፉ በኋላ ጎማዋ ተንፍሶ አራት ዓመት ግቢው ውስጥ ቆመች። ጴጥሮስ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ጋራዥ ውሰዳት ሲሉት አሻፈረኝ ብሎ፣ መጽሐፍ እያነበበና እጁን እየላጠ በራሱ ሊያስነሳት ተነሳ። ሐዳሳ ግቢው በገባች በሁለተኛው ቅዳሜ «ፍሬን የሚረግጥልኝ ሰው አለ?» ብሎ ተጣራ። የነበረችው እሷ ብቻ ናትና መሪው ጋ ተቀመጠች። እሱ ከሥር ሆኖ «እርገጪ... ያዢ... ልቀቂ» ይላታል፤ እሷ ትረግጣለች፣ ትይዛለች፣ ትለቃለች። ሲጨርሱ ፊቱ በዘይት ጠቁሮ ሳቀላት። በቃ፣ ያኔ አለቀላት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን ለማንም አልሰጠችም። ፍሬን ሸራ መቀየር ተማረች፣ ካንዴላ ማጽዳት ተማረች፣ መኪና ሳይኖራት መንጃ ፈቃድ አወጣች። ጴጥሮስ ግን ስለ ካርቡሬተር ሰዓት ሙሉ የሚያወራ ሰው፣ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ጆሮው ይቀላል። በስምንት ወር ከአፉ የሰማችው የፍቅር ቃል ቢኖር «ያዢ» የሚለው ነው።

ኤልሳ የሥራ ባልደረባው ናት። አባቷ አቶ ወንዳፈረው፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ከዚህችው ጋር አንድ ዓይነት የሆነች የማትነሳ መኪና ግቢያቸው ውስጥ አለቻቸው። «ለወጣቱ ትጥቀመው» ብለው ስለፈቀዱ፣ ኤልሳ በየሳምንቱ አንድ ነገር አስፈትታ ታመጣለች። ከስፖኪዮው ቀጥሎ የሾፌሩ ወንበር መጣ። ከወንበሩ ቀጥሎ መሪው። ከመሪው ቀጥሎ የኋላው መብራት።

ሐዳሳ መሪውን ስትይዝ የኤልሳን እጅ የያዘች ይመስላት ጀመር። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋን ይቆረቁራታል። አንድ ቀን ስፖኪዮው ውስጥ የተኮሳተረ ፊቷን አየችና «ይኸም የሷ ነው» ብላ ወደ ሰማይ አዞረችው። ጴጥሮስ መልሶ አስተካከለው። እሷም መልሳ አዞረችው።

«ይሄ ስፖኪዮ ላልቷል መሰለኝ» አለ ጴጥሮስ ምስኪኑ።

«ገና ሲመጣም ደህና አልነበረም» አለች።

ማክሰኞ ዕለት የሐዳሳ አባት አቶ ጠና ከፎንቆ ደወሉ። አባቷ ነገር አያንዛዙም።

«ልጄ፣ እሁድ ሽማግሌ ይመጣብኛል። ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ልጅ የላካቸው ናቸው። ልጁ ጨዋ ነው ይላሉ። ካንቺ በኩል ሌላ ሰው ከሌለ እሺ ልላቸው ነው። አለ?»

ሐዳሳ በመስኮት ወደ ግቢው አየች። ጴጥሮስ ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ቀብሯል። ምን ትበል? ቁልፍ የማቀብለው፣ አንድም ቀን ምንም ያላለኝ ሰው አለ ትበል?

«እስከ እሁድ እነግርሃለሁ አባዬ» አለች።

በዚያው ምሽት ከአከራይዋ ከጴጥሮስ እናት ጋር ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ ነገሩን አወራቻቸው። ሴትዮዋ ቢላዋቸውን አስቀመጡና፣ «እሁድ ነው ያልሽኝ?» ብለው ወደ ልጃቸው ክፍል ሄዱ። ሐዳሳ ልብ አላለችም።

ሐሙስ ግን ልብ ያለችው ነገር መጣ። ልብስ ስታሰጣ፣ ከተሰጣው አንሶላ ማዶ ኤልሳና ጴጥሮስ ያወራሉ።

«አባዬ እኮ ከኔ ብሷል!» አለች ኤልሳ። «ሱፉን አስተኩሶ ሰቅሏል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሽማግሌዎቹ እዚህ ይሰበሰባሉ፤ አንተ ብቻ መኪናዋን አስነሳ።»

«ትነሳለች» አለ ጴጥሮስ።

«እምቢ የሚሉህ ይመስልሃል?»

«እንጃ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ኤልሳ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ሐዳሳ በእጇ የያዘችው ሸሚዝ ጭቃ ላይ ወደቀ። የኤልሳ አባት ሱፍ አስተኩሰው የሚጠብቁት ሽማግሌ የማን እንደሆነ ለመረዳት ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። ስምንት ወር ሙሉ ፍሬን የረገጠችው ለካ ሌላ ሴት ለምታገባው ሰው ኖሯል። አለቀሰች፣ ከዚያ ተናደደች፣ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። ዓርብን መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዴት እንደዋለች አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጴጥሮስ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጣ። መኪናዋ ታጥባ ታብረቀርቃለች። ሐዳሳ ኮፈኑን ከፈተች። የካንዴላዎቹን ገመዶች ቅደም ተከተል ያስተማራት ራሱ ነው፤ «አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። ከዚህ ከወጣ ሞተሩ ያብዳል» ብሏታል። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ገመድ ነቅላ አቀያየረችና ኮፈኑን ዘጋች። ክፉ ሥራ መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ አላት፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ሁለት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። መጀመሪያ የጴጥሮስ አጎት፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ። በመጨረሻ የገቡት፣ የተተኮሰ ሱፍ ለብሰው ከዘራ የያዙ አዛውንት ናቸው።

«አቶ ወንዳፈረው፣ ደህና አደሩ?» አሉ መጋቢው።

ሐዳሳ ክፍሏ በር ላይ ደርቃ ቀረች። የኤልሳ አባት! ሰው የገዛ ልጁን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሆኖ ወደ ገዛ ቤቱ አይሄድም። እንግዲያ ወዴት ነው የሚሄዱት?

«ሐዳሳ!» ጴጥሮስ ነው የሚጣራው። ነጭ ሸሚዙ ላይ ቱታ ደርቧል። «መኪናዋ እምቢ አለችኝ። ነይ አስነሺልኝ፣ እኔ ከፊት ልይ።»

ሄዳ መሪው ጋ ተቀመጠች። ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ አሳለ፣ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። ጴጥሮስ የአየር ፊልትሮውን ፈትቶ ካርቡሬተሩ ላይ ጥቂት ቤንዚን አንጠባጠበ።

«ድገሚ!»

ያኔ መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ አፈረች። ቁልፉን አዞረችው።

ሞተሩ እንደ ጥይት ጮኸና ከካርቡሬተሩ እሳት ቦግ አለ። ጴጥሮስ ቀኝ እጁን ይዞ ወደ ኋላ ተወረወረ። አጎቱ ካፖርታቸውን አውልቀው ሞተሩ ላይ ጣሉትና እሳቱ ወዲያው ጠፋ። ሐዳሳ ከመኪናዋ እንዴት እንደወረደች አታስታውስም።

«እግዚአብሔር ይመስገን ፊቱን አልነካውም» አሉ መጋቢው።

አጎቱ ግን ራሳቸውን ያዙ። «አሁን ለፎንቆው ሰውዬ ምን ልንል ነው? ነገ እኮ የጆሃንስበርጉ ሽማግሌዎች ይቀድሙናል!»

ሐዳሳ ፎንቆ ውስጥ ነገ ሽማግሌ የሚመጣበት አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው።

ጴጥሮስን ክፍሏ ወስዳ እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችው። የእጁ ጀርባ ቀልቶ ማበጥ ጀምሯል። ውሃው ሲሞቅ ቀየረችለት።

«ጴጥሮስ» አለች በመጨረሻ፣ «ገመዶቹን የቀያየርኳቸው እኔ ነኝ።»

እጁን አልነጠቃትም። «እሳቱ ሲወጣ ገባኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ ቅደም ተከተሉን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን። ለምን ግን?»

«ቀንቼ ነዋ! ስፖኪዮው የኤልሳ፣ ወንበሩ የኤልሳ፣ መሪው የኤልሳ! ሽማግሌውም ለኤልሳ መሰለኝ። እጅህን አቃጠልኩት። ይቅር በለኝ።» እንባዋ ውሃው ውስጥ ተንጠባጠበ።

«ኤልሳ?» አለ ጴጥሮስ፣ ስሙን ዛሬ ገና እንደሰማ ሰው። ከዚያ ጆሮው ቀላ። «እርግጥ እሷ አንድ ቀን ጠይቃኝ ነበር። ሌላ ሰው አለች አልኳት።»

«ማን አልካት?»

«ሐዳሳ አልኳት።»

ሐዳሳ ደስታዋ ሳይደርስላት ቅናቷ ቀደማት። «ከኔ በፊት ለሷ ነገርካት?»

«እሷ ጠየቀችኝ፣ አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ?»

«እኔ ልጠይቅህ? አንድ ግቢ እየኖርን፣ በየቀኑ ጨው እየተበደርከኝ፣ እኔን ዘለህ ፎንቆ አባቴ ጋ ሽማግሌ ትልካለህ?»

ጴጥሮስ አቀረቀረ። «አንቺ እምቢ ብትዪኝ በማግስቱ እዚህ ግቢ እንዴት እንኖራለን? አባትሽ እምቢ ቢሉኝ ግን ፎንቆ ነው፣ አልፎ አልፎ ነው የማያቸው። ፈራሁ ሐዳሳ። የጆሃንስበርጉን ከሰማሁ ወዲያ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ።»

ፋሻውን አነሳች። እጁን መጠቅለል ጀመረች።

«አሁን ጠይቀኝ።»

ፊቷን አየ። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በመካከላቸው ቁልፍም ካንዴላም የለም።

«ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ። እጅህን አታንቀሳቅስ።»

ሲወጡ ሽማግሌዎቹ ኮንትራት መኪና ፍለጋ ስልክ ይደውላሉ። የገበያ ቀን ስለሆነ የሚገኝ የለም። ሐዳሳ በሦስቱም ፊት ኮፈኑን ከፍታ ገመዶቹን ወደየቦታቸው መለሰች። ፊልትሮውን አሰረች። ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

«ግቡ፣ እኔ አደርሳችኋለሁ» አለች።

አጎቱ ክው አሉ። «ልጅቷ ራሷ የራሷን ሽማግሌ ጭና? ይሄ የት አገር ነው የታየው? ሰው ምን ይለናል?»

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ነገ እነዚያ ሰዎች አባቴን እሺ ካሰኙት እድሜ ልኬን ነው የማለቅሰው።»

ሦስቱም ተያዩ። አቶ ወንዳፈረው የፊተኛውን በር ከፍተው ገቡ። «የተቀመጥሽበት ወንበር ከኔ መኪና የወጣ ነው፣ ምቾቱን አውቀዋለሁ» አሉና ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ። «በሉ ግቡ። ለዛሬ ሾፌራችን ናት።»

ጴጥሮስ የታሸገ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው። በስፖኪዮው እስኪሰወር አየችው።

ፎንቆ ሲደርሱ ከመኪና እንዳትወርድ አዘዟት። ሽማግሌዎቹ በአባቷ በር ላይ ቆመው፣ ተቀመጡ ቢባሉም ሳይቀመጡ ተናገሩ። ሐዳሳ ድምጻቸው አይሰማትም፤ የአባቷን ፊት ብቻ ታያለች። አቶ ጠና ክንዳቸውን አጣጥፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ በሽማግሌዎቹ ትከሻ ላይ ወደ መኪናዋ ተመለከቱና ልጃቸውን አዩ።

ቀጥ ብለው መጡ። ሐዳሳ መስታወቱን አወረደች። የምትደበቅበት የላትም።

«ይህችን መኪና ማን ነው የሚጠግናት?»

«ጴጥሮስ ነው። እኔም አግዘዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው እሱ አልነዳ?»

«እጁ ተቃጥሎ።»

«ማን አቃጠለው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

አቶ ጠና በግራሶ የጠቆሩ ጣቶቿን ረጅም ጊዜ አዩ። «ማክሰኞ ስጠይቅሽ ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ነበረ። እሱ መኖሩን አያውቅም ነበር።»

ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየች፤ ተቆጥተው ይሁን ስቀው አልለየችም። ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ወትሮው ነበር። ለሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ ድምጻቸውን ከፍ አድርገው፣ «ዛሬ መልስ የለኝም» አሉ።

ልቧ ቁልቁል ወረደ።

«ነገ የሚመጡትን እንግዶች ምሳ አብልቼ በሰላም እሸኛለሁ። ከእናንተ ጋር ግን ነገር ጀምሬያለሁ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። «አንቺ ሾፌር፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ይዘሽ ድረሺ። እንዳታረፍጂ። ልጁንም አምጪው፣ እጁን ልየው።»

ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ ሐዳሳ ሳታስበው እየሳቀች ታለቅሳለች። መጋቢው «ቀስ ልጄ፣ መንገዱን እይ» ይሏታል። አቶ ወንዳፈረው ደስ ብሏቸው ስልካቸውን ከሱፍ ኪሳቸው አወጡ።

«ለኤልሳ ልደውልላት። እስካሁን ጴጥሮስ ጋ ደርሳለች፣ እሷ ታበስረው።»

ሐዳሳ ፍሬን ረግጣ መኪናዋን ዳር አቆመች።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ ስልኩን ኪስዎ ይክተቱት። ይህን ነገር ለጴጥሮስ ከኔ ቀድሞ ማንም አይነግረውም!»

አቶ ወንዳፈረው አዩአት፤ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። የኋለኞቹ ሁለቱም ሳይጠየቁ የየራሳቸውን አጠፉ። እስከ ሆሳዕና ድረስ አንድም ሰው ትንፍሽ ሳይል ተጓዙ።